ለሰው ማሳ የተጠራ ደቦ

የሰሊማ አሠሪ ባባ ወረቀት ይወዳል። ከቲማቲሙ ይልቅ ወረቀቱን ይወዳል ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሰሊማ የአዝመራውን ዕቅድ በትልቅ ካርቶን ላይ አስምራ፣ ከላይ ሳምንታቱን በጎን ማሳዎቹን ደርድራ፣ እርሻው ውስጥ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ግድግዳ ላይ የለጠፈች ዕለት ደጋግሞ በሞባይሉ ፎቶ አነሳው። ወንዶቹ ማታ ማታ ተሰብስበው የሚጨዋወቱበት መጅሊስ ወስዶም ለወዳጆቹ አሳየ። "ቤቴ ውስጥ የእርሻ ሙሀንዲሳ አስቀምጬ ሸሚዝ ሳስተኩሳት ኖሬያለሁ" እያለ እንዳሳቃቸው የነገራት ራሱ ነው።

እውነቱን ነው። ሰሊማ ዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ዕፅዋት ሳይንስ ተምራ ተመርቃለች። ከተመረቀች በኋላ ደሴ አባቷ ቤት ተቀምጣ የሥራ ማስታወቂያ ስታነብ ከረመች። ሰለቻትና በቤት ሠራተኛ ቪዛ ዶሃ ገባች። መጠበቅ አትችልበትም። ባባ ኡም ሰላል አጠገብ እርሻ እንዳለው፣ እርሻውም በየዓመቱ እንደሚከስር የሰማችው ምሳ ስታቀርብ ነው። ሳህኑን አስቀምጣ "የጉድጓዱን ውሃ ጨው አስለክተሃል?" አለችው። ሚስቱ ማዳም ደነገጠች። ባባ ግን ማንኪያውን አስቀምጦ ቀና አለ።

ቃል የገባላት አንድ ነገር ነው። አዝመራው እንደ ዕቅዷ ከሄደ፣ ቲማቲሙ ተለቅሞ ሲያልቅ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ላይ ያለውን ሙያ ያስለውጥላታል። "የቤት ሠራተኛ" የሚለው ወጥቶ "የእርሻ መሐንዲስ" የሚለው ይገባል። ሰሊማ ከባባ ሌላ ነገር አትፈልግም ነበር። ይህንን ግን በጣም ትፈልገው ነበር።

ዕቅዱ ጥሩ ዕቅድ ነበር። አፈሩ አሸዋ መሆኑን፣ ውሃው ጨው እንዳለበት፣ ሙቀቱ መቼ እንደሚበርድ፣ ነጭ ዝንቡ መቼ እንደሚመጣ አስባበታለች። ለእያንዳንዱ ሥራ ስንት የሰው ቀን እንደሚፈጅ አስልታ ጽፋለች። የቀን ሥራ መዝገብም አዘጋጅታ ነበር፤ የቱ ማሳ፣ ምን ሥራ፣ በስንት ሰው። ያላሰበችው ማዳምን ነው። ረመዳን ሲያልቅ ማዳም የእርሻውን ሠራተኞች ምንጣፍ እንዲያጥቡና ድንኳን እንዲተክሉ ወደ ቤት አስጠራቻቸው። ኢድ አለፈ። የእህቷ ልጅ ሰርግ ደረሰና እንደገና አስጠራቻቸው። ሰሊማ የምትተኛው ማዳም ቤት ነው፤ የምትበላውም እዚያው ነው። ለባባ ትንፍሽ አላለችም።

ስለዚህ የቲማቲሙ ችግኝ ከማፍያው መጥቶ በየትሪው እንደተደረደረ ከጥላው ሥር ቀረ። ግንዱ እየቀጠነ ይረዝማል፤ የታችኛው ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ካርቶኑ ላይ ግን ሦስተኛው ማሳ፣ ከሁሉም ትልቁ፣ በዚህ ሳምንት ተተክሎ ያልቃል ይላል። ረቡዕ ዕለት ባባ መጥቶ መስመሩን በጣቱ ተከተለና "ቅዳሜ ከመጅሊስ ሰዎች ይዤ እመጣለሁ" አለ። "ወረቀቱንና ማሳውን ጎን ለጎን ላሳያቸው ነው።"

"ኢንሻአላህ" አለች ሰሊማ።

ባባ እንደሄደ ሹኩርን ጠራችው። ሹኩር የእርሻው ሠራተኞች አለቃ ነው፤ ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ ዕድሜው የገፋ ቤንጋሊ። ከሥሩ ሁለት ኔፓሎች አሉ። በቃ ይኸው ነው የእርሻው ሰው።

"ሦስተኛውን ማሳ እስከ ጁምዓ ትጨርሱታላችሁ?"

ሹኩር በተሰባበረች ዓረብኛው "ሦስት ሰው፣ አንድ ሳምንት" አለ።

"ሳምንት የለም።"

"እንግዲያ ሰው የለም" አለና ሳቀ። ከዚያ ያልሳቀች መሆኗን አይቶ ሳቁን ተወው።

ሰሊማ ስልክ አነሳችና ለጋሽ ይመር ደወለች። ጋሽ ይመር ዶሃ ውስጥ ጥበቃ ሆነው ሲሠሩ ዓመታት ያስቆጠሩ፣ ከአባቷ ጋር አብሮ አደግ የሆኑ ሰው ናቸው። የኡም ጉዋይሊና ሰፈር ሐበሻ ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሲታመም የሚጠይቁ፣ አንድ ቃል ከተናገሩ ሃያ ሰው የሚያስነሱ ናቸው። እንደዚያ ዓይነት ሰው ነበር የሚያስፈልጋት።

"ደቦ?" አሉ ጋሽ ይመር። ስልኩ ውስጥ ሳቃቸው ተሰማት። "ዶሃ ላይ ደቦ? ኧረ ማሳው የማን ሆኖ ነው ልጄ?"

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ማወቅ ነበረባት። ደቦ የሚጠራው ባለ ማሳው ነው። ጉልበት ቢያጥረው፣ ዝናቡ ቢቀድመው፣ ጎረቤቱን ይጠራል፤ ያበላል፤ ያጠጣል፤ ይመረቃል። በሰው ማሳ ላይ በደሞዝ የሚሠራ ሰው ደቦ አይጠራም። ከጠራ ጎረቤቶቹን ለጌታው በነጻ አከራየ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም፤ አገሯ ላይ ማንም ልጅ ያውቀዋል።

"የኔ ነው" አለች። "ባባ አንዱን ማሳ የእኩል ሰጥቶኛል። ምርቱን እንካፈላለን።"

ጋሽ ይመር ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ ክፍል ውስጥ ላሉት ሲናገሩ ሰማች። "ስሙማ! ስሙ! የጀውሀር ልጅ ኳታር ላይ ማሳ ይዛለች!"

አንድ ሰው አጨበጨበ። ሰሊማ ስልኩን ዘጋች።

ጁምዓ ማለዳ ሚኒባሱ አቧራውን እያስነሳ ገባ። የሚነዳው ወንድይፍራው የሚባል የጎጃም ሰው ነው፤ የኩባንያውን መኪና አስፈቅዶ ይሁን ሳያስፈቅድ ማንም አልጠየቀውም። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። የጥበቃ ሱሪያቸውን እንደለበሱ ከተረኛነታቸው በቀጥታ የመጡ አሉ። ሹፌሮች አሉ፤ ሲሚንቶ ተሸካሚዎች አሉ። ከሴቶቹ ፊት ፊት የምትሄደው ዙበይዳ ናት። መንሱራ ሰፈር የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ አፏ የማያርፍ የወልዲያ ልጅ።

"እስቲ ባለ ማሳዋን እንያት!" አለች ዙበይዳ ሰሊማን ሁለት ትከሻዋን ይዛ እያዞረች። "ወይኔ! መሬት ያለው ሰው አንገቱ ይወፍራል ሲሉ፣ አንቺ ምነው ከሳሽ?"

"ገና አልሰበሰበችማ" አለ ወንድይፍራው። "እኔን እዩኝ። አገሬ ላይ መሬቴን ሸጬ ቪዛ ገዛሁ፤ ቪዛዬን ይዤ መሬት ልቆፍር መጣሁ።"

ሁሉም ሳቁ። ሰሊማም ሳቀች። ቶሎ ሥራው ቢጀመር ፈልጋለች፤ ፀሐዩ ሳይጠነክር ችግኙ አፈር መያዝ አለበት። "ያላ፣ እንጀምር" አለች።

"ቆይ" አሉ ጋሽ ይመር። "ዱዓ ሳይደረግ?"

ከማሳው ራስ ላይ ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። ሰው ሁሉ ዘረጋ። ወንድይፍራው ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ።

"አላህ ማሳሽን በረካ ያድርገው። ከሰው ቤት ወደ ራስሽ ቤት ያውጣሽ። የያዝሽውን መሬት ያጽናልሽ፣ ለዘርሽ ይትረፍ። ለኛም እንዳንቺ ይድረሰን።"

"አሚን" አለ ሰው ሁሉ። ሰሊማም አሚን አለች። ሌላ ምን ልትል ትችላለች? ፊቷ ሲግል ይሰማት ነበር፤ በማለዳው ፀሐይ አላመካኘችም።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ፤ ሥራው ደግሞ የሚያስደስት ሥራ ነበር። የመስኖው ቀጫጭን ቱቦዎች መደቡን አርሰውታል። ወንዶቹ በቱቦው ጎን ለጎን ጉድጓድ እየከፈቱ ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ ችግኙን ከትሪው እያላቀቁ ያቀብላሉ፤ ከኋላ የሚመጡት ሥሩን አፈር ያለብሳሉ። አብዛኞቹ ከእርሻ ከወጡ ቆይተዋል፤ እጃቸው ግን አልረሳም። ሰሊማ መዝገቧን ይዛ ከመደብ መደብ ትሮጣለች፤ "አትቅበሩት፣ አንገቱ ይውጣ!" "እዚያ ጋ ተራራቀ!" ትላለች።

"ኢንጂነሯ!" አለቻት ዙበይዳ ከአፈሩ ቀና ሳትል። "ብዕሩን አስቀምጪና ጎንበስ በይ። የራስሽን ማሳ ስትፈሪ ለሰው ምን ልትሆኚ ነው?"

ሰሊማ መዝገቡን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ጎንበስ አለች። ዙበይዳ ማዜም ጀመረች፤ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረች።

"ባለ ማሳዋ ሰሊማ፣ ባለ ብዙ ቲማቲም፣
የመጀመሪያው ሲቀላ፣ ለኛ መላክሽ አይቀርም።"

"ሆ!" አሉ ወንዶቹ።

የዕረፍት ቀናቸው ቢሆንም ሹኩርና ኔፓሎቹ ከማደሪያቸው ወጥተው ቆመው ያዩ ነበር። ሹኩር ቀስ ብሎ ሰሊማ ጋ መጣ።

"ሙሀንዲሳ፣ ይህ ሰው የማን ነው?"

"ዘመዶቼ ናቸው።"

"ፍሉስ?"

"ያለ ፍሉስ፣ በነጻ።"

ሹኩር ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀሚሱን ከፍ አድርጎ ወገቡ ላይ ሸጎጠና ከሰልፉ ገባ። ኔፓሎቹም ተከተሉት። የጁምዓ ሶላት ሳይደርስ ትልቁ ማሳ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆነ። ሰሊማ ከየመኖቹ ምግብ ቤት ያስመጣችው ሩዝ በዶሮ በትልልቅ ትሪ ቀረበ። እንደ ደንቡ ባለ ማሳዋ ስለሆነች በእጇ እየዞረች አቀረበች። አንድ ወጣት ጥበቃ እየበላ "እኩልሽ ሲደርስ ምን ታደርጊበታለሽ?" አላት። "እስቲ ይድረስ" አለችው። ሲሄዱ ጋሽ ይመር ግንባሯን ሳሟት።

ቅዳሜ ባባ ሦስት ወዳጆቹን ይዞ መጣ። ካርቶኑን ከግድግዳው አስወልቆ ወደ ማሳው ይዞት ወጣ። ወዳጆቹ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ማሳውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በስንት ሰው ተሠራ?" አላት ባባ በሰዎቹ ፊት።

የቀን መዝገቡ በእጇ ነው። "የሰው ብዛት" በሚለው ሥር ባዶ ትታዋለች። ሰዎቹ ዶሃ ያሉት በሌላ ከፊል፣ በሌላ ዋስ አሠሪ፣ ኢቃማ ነው፤ በባባ እርሻ ላይ መገኘታቸው ቢታወቅ ለእነርሱም ለባባም ጣጣ አለው። ይህ እውነተኛ ምክንያት ነበር። ብቸኛው ምክንያት ግን አልነበረም።

"ሦስቱ ናቸው የሠሩት" አለች። "ሹኩርና ሁለቱ። በጁምዓ ቀን።"

እያዩዋት ጻፈችው። ከወዳጆቹ አንዱ ፉጨት አፏጨ። ባባ ገጹን ፎቶ አነሳ።

በሚቀጥለው ሳምንት ባባ የቆርቆሮው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሞባይሉን ካልኩሌተር ሲነካካ አገኘችው። አራተኛውና አምስተኛው ማሳ ገና አልተተከሉም።

"ነይ" አለ። "የሰው ቀን እንዴት እንደሚሰላ አሳይተሽኝ የለ? ትልቁን ማሳ ሦስት ሰው ባንድ ቀን ከተከለው፣ አራተኛውን ሁለት ሰው በቀላሉ ይተክለዋል። ልክ ነኝ?"

ስሌቱ ልክ ነበር።

"ስለዚህ ሹኩር ለምን ያስፈልገኛል? ሸምግሏል። ኢቃማው በወሩ መጨረሻ ያበቃል፤ አላድስለትም። አገሩ ይግባ።" ወደ ካርቶኑ ጠቆመ። "ጻፊው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሁለት ሠራተኛ።"

ሰሊማ እርሳስ አነሳች። በሁሉም ሳምንት ሥር ያለውን ሦስት ቁጥር እያጠፋች ሁለት አደረገችው። አንዲት ሳምንት እንኳ አልዘለለችም፤ ኋላ ያሳፈራት ይህም ጭምር ነው።

ሹኩር ወሬውን ሲሰማ የተበላሸ የውሃ ማጣሪያ በእጁ ይዞ መጣ። ይዞት መምጣቱን የረሳው ይመስላል።

"ሙሀንዲሳ፣ ያን ቀን ሰው ብዙ ነበር። ለባባ ንገሪው። እኔ ብናገር ሰነፍ ነው ይለኛል።"

"ብናገር በዘመዶቼ ላይ ችግር ይመጣል። ኢቃማቸው የሌላ ከፊል ነው።"

"እሺ፣ ታምሜ ነበር በይው። ያን ቀን አልሠራሁም በይው።"

"ያኔማ ሁለት ሰው ሠራው ማለት አይሆንም?" አለች ሰሊማ። መልሱ ትክክል ነበር። ሲወጣ ግን ለራሷም ቀፈፋት።

ሹኩር አያት። ማጣሪያውን ጠረጴዛዋ ላይ፣ መዝገቡ ላይ፣ ከነጭቃው አስቀመጠው። "ዘመዶችሽን ጠብቂ" አለ። "እኔ ዘመድሽ አይደለሁም።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሀንዲሳ አላላትም። ሲጠራት "ኸዳማ" እያለ ይጠራታል፤ ኔፓሎቹ ፊት፣ ጮክ ብሎ። ልታርመው አልቻለችም፤ ኢቃማዋም የሚለው ያንኑ፣ የቤት ሠራተኛ ነው።

በጁምዓው ኡም ጉዋይሊና ሄደች። ለባባ እውነቱን ከመናገሯ በፊት የሰዎቹን ፈቃድ ማግኘት አለባት፤ ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ ማሳው የማን እንደሆነ መናገር አለባት። መንገዱን ሙሉ አንዱን ከሌላው የምትለይበት ዘዴ ስትፈልግ ሄደች። አላገኘችም።

ጋሽ ይመር ከሌሎች ጥበቃዎች ጋር የሚጋሩት ክፍል ተደራራቢ አልጋ የሞላበት ነው። ሱሪና ሸሚዝ በየአልጋው ብረት ተሰቅሏል። ከደቦው ሰዎች ብዙዎቹ እዚያ ነበሩ፤ ዙበይዳም ከመንሱራ መጥታ ሽንኩርት ትከትፋለች።

"ባለ ማሳዋ መጣች!" አለ ወንድይፍራው። አንዷን ወንበር አስለቅቀው አስቀመጧት። "ያዘ? ችግኙ ያዘ?"

"ይዟል።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ ጋሽ ይመር።

መጠበቅ አትችልበትምና አፈረጠችው። "ማሳው የኔ አይደለም።"

አንድ ሰው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ።

"የማን ነው ታዲያ?" አለች ዙበይዳ ቢላዋዋን እንደያዘች።

"የባባ ነው።"

"እኩሉስ?"

"እኩል የለም። በደሞዝ ነው የምሠራው። ዕቅዱ እንደተጻፈው ከሄደ ኢቃማዬን ሊያስለውጥልኝ ነበር። ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር።"

"እኔ እኮ ሐሙስን ሙሉ ቀን ቆሜ ፀጉር ሳጥብ ውዬ፣ እግሬ አብጦ ነው የመጣሁት" አለች ዙበይዳ። "ለባባሽ ነው?"

"ለኔ ነው። ለኢቃማዬ..."

"ለኢቃማዬ ብለሽ ልትጠሪን አትችይም ነበር? 'ጨንቆኛል ድረሱልኝ' ብትይ ማን ይቀር ነበር? እኔ እቀር ነበር? እሱ ይቀር ነበር?" ወንድይፍራውን በቢላዋው ጠቆመችው። "ቸገረኝ ማለት ነው ያሳፈረሽ? ባለ መሬት ነኝ ማለት ግን አላሳፈረሽም!"

እንደዚያ ብላ መጥራት እንደሚቻል ሰሊማ ያን ዕለት ለአንድ አፍታ እንኳ አልታሰባትም።

ጋሽ ይመር አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

"ዱዓ አድርጌበታለሁ" አሉ በመጨረሻ። "የሰው ማሳ ራስ ላይ ቆሜ፣ ያጽናልሽ፣ ለዘርሽ ይትረፍ ብያለሁ። ባለቤቱ በሕይወት እያለ። ይህን ሁሉ ሰው አሚን አስብዬ።" እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩ። "የሰው ሀብት ለምኛለሁ እኮ፣ አንቺ ልጅ።"

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። አልተቆጡም፤ አፈሩ። ያፈሩት ደግሞ በእሷ ብቻ ሳይሆን በራሳቸውም ነው። ሰሊማ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከሰዎቹ የወሰደችው የግማሽ ቀን ጉልበት ብቻ ይመስላት ነበር።

የሹኩርን ነገር ነገረቻቸው። ባጭሩ ተናገረችው፤ ማስዋቢያ አልነበረውም።

"ንገሪው" አሉ ጋሽ ይመር። "ስማችንን ተይው። ሰው መኖሩን ግን ንገሪው።"

"ጋሽ ይመር፣ ከፊሌ ቢሰማስ?" አለ ወጣቱ ጥበቃ።

"ስም የለም ተባለ እኮ። ባንተ ፍራቻ የሰው እንጀራ ይቆረጥ?" ወደ ሰሊማ ዞሩ። "ያ ቀን ግን ደቦ ተብሎ አይቀርም። ደቦ ለባለ ማሳ ነው። ወንፈል ይሁን። ጉልበት ወስደሻል፣ ጉልበት ትመልሻለሽ።"

"ለሁሉም?"

"ለሁሉም። ለእያንዳንዱ እንደየሥራው።"

"ለኔ በር ላይ ቆማ ልትውልልኝ ነው?" አለ ወጣቱ ጥበቃ።

"ለኔ የፀጉር ቤቱን ፎጣ ታጥባለች" አለች ዙበይዳ ወደ ሽንኩርቷ ተመልሳ። የምትቀልድ አትመስልም። ሰሊማ ተነስታ ስትወጣ "እራት ብዪ" ያላት ሰው አልነበረም።

ለባባ የነገረችው በነጋታው ነው፤ የቆርቆሮው ክፍል ውስጥ፣ ቆማ።

"ሦስተኛውን ማሳ የተከሉት ሦስቱ ብቻ አይደሉም። ሃያ ያህል ሰው ነበር። እኔ ነኝ የጠራኋቸው።"

ባባ ሞባይሉን አውጥቶ የገጹን ፎቶ ፈልጎ ለረጅም ጊዜ አየው። "ለሰው አሳይቻለሁ" አለ። "መጅሊስ ሙሉ ሰው አይቶታል።" ጆሮው ቀልቶ ነበር። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ታሰበው። "ምን ከፈልሻቸው?"

"ምንም።"

"በነጻ? ሃያ ሰው?" ፊቱ ፈካ። "እንግዲያማ ምን ችግር አለ? ጥሪያቸው። አራተኛውንም አምስተኛውንም ይትከሉ። ዕቅዱ በቀኑ ካለቀ መጅሊስ ላይ ያልኩት ውሸት አይሆንም።"

"አይመጡም።"

"አንዴ መጥተው የለ?"

"የኔ ማሳ መስሏቸው ነው የመጡት። የኔ ነው ብያቸው ነበር።"

ባባ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ልጅ አስቂኝ ነገር ስትናገር የሚሳቅ ዓይነት ነው። "ያንቺ!" አለ ዓይኑን በራስ መሸፈኛው በጉትራው ጫፍ እየጠረገ። "ያንቺ ማሳ!" ሰሊማ ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች። ረጅም ነበር።

"ኸላስ፣ እንደገና በያቸው" አለ። "ያንቺ ነው በያቸውና ይምጡ።"

"አልጠራም።"

"ሰሊማ።"

"አልጠራቸውም።"

ባባ መሳቁን ተወ። የቀን መዝገቡን አነሳና ገጾቹን በአውራ ጣቱ ገለባበጣቸው። "ከነዚህ የቱ ነው እውነት?"

"ከዚያች አንዷ በቀር ሁሉም።"

"በምን አውቃለሁ?"

በየቀኑ የጻፈችው፣ የለካችው የውሃ ጨው፣ የቆጠረችው ነጭ ዝንብ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከእጇ ወጣ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነበር። እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን ይህንኑ ትጠይቅ ነበር።

"ሹኩር ይቆያል፤ ያለ እሱማ እንዴት ይተከላል" አለ ባባ እያማረረ። "አንቺ ወደ ቤት ተመለሽ። ማዳም ሰው አነሰኝ እያለች ነው።" ስለ ኢቃማው አላነሳም። እሷም አላነሳችም።

መኪናው ውስጥ ስትገባ ሹኩር ቱቦ እያገጣጠመ ነበር። መቆየቱን ሰምቷል። ቀና ብሎ አላያትም።

ማዳም የምትፈቅድላት በወር አንድ ጁምዓ ነው። በመጀመሪያው ኡም ጉዋይሊና ሄደች፤ ጋሽ ይመር የሚኖሩበት ቤት ጣሪያ ላይ የጥበቃዎቹ ሱሪና ሸሚዝ በትልቅ ሳፋ ተዘፍዝፎ ቆያት። እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠች። የኩባንያ ልብስ ከባድ ነው፤ ኮሌታው ላይ የተጋገረው ላብና አቧራ በአንድ እሽት አይለቅም። ጋሽ ይመር ውሃ እያመላለሱ ያቀርቡላታል። አያናግሯትም፤ ጥለዋትም አይወርዱም።

ከታችኛው ፎቅ የምትኖር አንዲት ሐበሻ ልብሷን ልትሰበስብ ወጣችና ቆማ አየቻት። "ጋሽ ይመር፣ ሠራተኛ ቀጠራችሁ እንዴ?"

"የለም" አሉ። "ወንፈል ናት።"

ሴትየዋ ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባት ይሆናል፤ ወይ ገብቷት ይሆናል፤ ልብሷን አቅፋ ወረደች። ሰሊማ ሱሪውን ጨምቃ ገመዱ ላይ አሰጣችው። እንዲህ በወር አንድ ጁምዓ ከሆነ ሃያ ሰው ጋ መቼ እንደምትደርስ በልቧ አሰላች፤ እንዲህ ያለ ስሌት አያስቸግራትም።

"ጋሽ ይመር" አለች። "ሳልጨርስ ኮንትራቴ ያልቃል።"

ጋሽ ይመር ባልዲውን አስቀመጡ።

"ታሳድሺዋለሻ" አሉ።

ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ከፊታቸው ልትለይ አልቻለችም። የሚቀጥለውን ሱሪ ከውሃው አውጥተው ሰጧት።